ልጅ ሲናገር የሚሰማው አዋቂ ተዘጋጅቷል ወይ? በሕፃናት ላይ የሚፈጸም ጥቃትን ስለ መከላከል

መምህርቷ (የክሩ ጀማሪ)

የምሠራበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ጥበቃ ደንብ እንዲያወጣ ተወስኖ፣ ረቂቁን የማዘጋጀቱ ኃላፊነት ለእኔና ለሁለት ባልደረቦቼ ተሰጥቶናል። በመጀመሪያው ስብሰባ የቀረቡት ሐሳቦች በሙሉ ልጆቹን ስለ ማስተማር ነበሩ። «አይሆንም» ማለትን እንዲለምዱ፣ ከማያውቁት ሰው ስጦታ እንዳይቀበሉ፣ የማይፈልጉት ሰው ሲነካቸው እንዲጮኹና እንዲሮጡ። አንዱንም አልተቃወምኩም። ነገር ግን ከስብሰባው የወጣሁት ልቤ ከብዶት ነው፤ ከብዙ ዓመታት በፊት አንዲት ተማሪዬ ልትነግረኝ መጥታ እኔ ሳልሰማት መቅረቴን አስታወስኩ።

ልጅቱ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። ትምህርት አልቆ ሌሎቹ ሲወጡ እሷ ደብተሯን ቦርሳዋ ውስጥ ትከታለች፣ መልሳ ታወጣለች፣ ደግሞ ትከታለች። ሦስተኛ ጊዜ ስታወጣው «ምነው፣ አትሄጂም እንዴ?» አልኳት። ቀና ሳትል «ቲቸር፣ ዛሬ እዚህ ብቆይስ?» አለችኝ። እኔም የተማሪዎች ፈተና እያረምኩ ስለነበር «ምን አጥፍተሽ ነው? እናትሽን አስቀየምሻት?» አልኳት። «አይ፣ ምንም» ብላ ቦርሳዋን ዘጋችና ሄደች። አብሯቸው የሚኖር የቅርብ ዘመድ ጥቃት ያደርስባት እንደነበር የተሰማው ከወራት በኋላ፣ በሌላ ሰው በኩል ነው። ልጆች እንዲያደርጉት የምንመክራቸውን ሁሉ አድርጋ ነበር፤ ወደምታምነው አዋቂ መጥታ ነበር። እኔ ግን ያን ዓይነት ጥያቄ ሲቀርብልኝ ምን ማለት እንዳለብኝ ማንም አስተምሮኝ አያውቅም፤ ለማወቅም አልጣርኩም።

ስለዚህ ደንባችን ከልጆቹ ይልቅ በዙሪያቸው ባለነው አዋቂዎች ላይ እንዲያተኩር እፈልጋለሁ። በሙያችሁም ሆነ በሕይወታችሁ የምታውቁትን ብታካፍሉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

የሕፃናት ነርስ

መምህርት፣ የጻፉትን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ልጅ የደረሰበትን ጥቃት አንድ በአንድ ዘርዝሮ የሚናገርበት አጋጣሚ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የነገሩን ጫፍ ብቻ ብቅ አድርጎ ፊታችንን ያነባል። ከተጣደፍን፣ ከደነገጥን ወይም ከተቆጣን ያችንም ጫፍ መልሶ ይደብቃታል።

እኔ በምሠራበት ክፍል ገና አፍ ያልፈቱ ልጆች ስለሚመጡ የሚናገርላቸው ገላቸው ነው። መሮጥ የጀመረ ልጅ ጉልበቱና ግንባሩ ቢበልዝ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ገና መዳህ ያልጀመረ ጨቅላ ግን በራሱ ሄዶ የሚጋጭበት ነገር ስለሌለ፣ ገላው ላይ የምትታይ ትንሽ የበለዘች ቦታ እንኳ በጥንቃቄ መመርመር አለባት። ከአራት ዓመት በታች ባሉ ልጆችም ጆሮ፣ አንገት፣ ደረት፣ ሆድና ጀርባ ላይ የሚታይ ምልክት ከጉልበትና ከቅልጥም ይልቅ ያሳስበናል። እንዲህ ዓይነቱን ጥርጣሬ የሕክምና ጉዳይ አድርገው አደባባይ ያወጡት ሄንሪ ኬምፕ የተባሉት የሕፃናት ሐኪምና ባልደረቦቻቸው ናቸው፤ ጽሑፋቸው የታተመው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከዚያ በፊት አጥንቱ የተሰበረ ሕፃን ሲመጣ አጥንቱን ጠግኖ መሸኘት እንጂ እንዴት እንደተሰበረ አጥብቆ መጠየቅ የሐኪም ሥራ ተደርጎ እምብዛም አይቆጠርም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ጉዳቱ ከደረሰ በኋላ ነው። አስቀድሞ በመከላከል ረገድ እኔን ተስፋ የሚሰጠኝ የቤት ለቤት ጉብኝት ነው። በኒው ዮርክ ግዛት በምትገኘው ኤልማይራ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በተጀመረ ሙከራ፣ ነርሶች የመጀመሪያ ልጃቸውን ያረገዙ፣ አብዛኞቹ በዕድሜ ለጋ፣ ያላገቡ ወይም ገቢያቸው አነስተኛ የሆነ እናቶችን ልጁ ሁለት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ቤታቸው እየሄዱ ይጠይቋቸው ነበር። ከ15 ዓመት በኋላ በተደረገው ክትትል በእነዚህ እናቶች ላይ የተመዘገበው የጥቃትና የቸልተኝነት ሪፖርት ካልተጎበኙት ጋር ሲነጻጸር በግማሽ ገደማ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ጉብኝቱ ውስጥ የሚነገረው ነገር ደግሞ ቀላል ነው። ለምሳሌ ሌሊቱን ሙሉ ያለቀሰ ሕፃን ይዛ ትዕግሥቷ ያለቀ እናት ሕፃኑን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝታ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ ለጥቂት ደቂቃ ብትወጣ ጥፋት እንዳልሆነና ከመነቅነቅ እጅግ የተሻለ እንደሆነ መስማት አለባት። ይህን የሚነግራት ሰው ያጣች እናት ብዙ ናት።

የሁለት ልጆች አባት

የሁላችሁንም ቅን ሐሳብ አከብራለሁ፤ አንድ ስጋቴን ግን ልደብቅ አልፈልግም። ነገሩ በዚህ ከቀጠለ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ አስተማሪ ወላጅን በጥርጣሬ ዓይን የሚያይበት ዘመን እንዳይመጣ እፈራለሁ። እኔ ሲያጠፋ እየተገረፈ ያደግሁ ሰው ነኝ፤ ወላጆቼንም ጨካኞች ናቸው ብዬ አላውቅም። ልጄ ሲያጠፋ አንድ ጊዜ ብመታው ጥቃት ሊባል ነው? የቤትን ገመና አደባባይ ማውጣትስ ልጁን ራሱን አይጎዳውም? የምጠይቀው ለመከራከር ሳይሆን ለመረዳት ነው።

የመስክ ሠራተኛ

ወንድሜ፣ በግልጽ ስለ ጠየቁ አመሰግናለሁ፤ ብዙ ወላጆች በልባቸው ይዘውት የሚዞሩት ጥያቄ ነው። በማኅበራዊ አገልግሎት ሥራ ከቤት ቤት ስዞር እንደ ታዘብኩት፣ ልጁን ክፉኛ የጎዳ ወላጅ ብዙውን ጊዜ ለመጉዳት ተነሥቶ ሳይሆን ለመቅጣት ጀምሮ እጁ ያመለጠው ነው። ቁጣ ውስጥ ያለ ሰው የምቱን ልክ አያውቅም። ትናንት አንድ ምት የበቃው ዛሬ ስለማይበቃው ሁለት፣ ነገ ደግሞ ዱላ ይጨምራል። በዚህ ምክንያት ቅጣትንና ጥቃትን የሚለየውን መስመር እያንዳንዱ ወላጅ በተናደደበት ሰዓት እንዲያሰምር መተው አስተማማኝ አይደለም።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1979 ልጆችን መምታት በሕግ ስትከለክል በዓለም የመጀመሪያዋ አገር ነበረች። አንቀጹ የገባው በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ ሲሆን የራሱ ቅጣት አልነበረውም፤ የታለመው ወላጆችን ማሰር ሳይሆን የሕዝቡን አመለካከት መቀየር ነበርና። በራሪ ጽሑፍ በየቤቱ ታደለ፤ ቤተሰብ ተሰብስቦ እንዲነጋገርበት የወተት ካርቶን ላይ ሳይቀር ስለ ሕጉ ታተመ። ሕግና ትምህርት አብረው ሲሄዱ ምን እንደሚመስሉ ለማሳየት እኔ ሁልጊዜ የማነሣው ይህን ነው።

ስለ ገመና ያነሡት ግን ከሁሉ በላይ ያሳስበኛል። ጥቃት የሚያደርሱ ሰዎች ዋነኛ መጠለያቸው ይህ ቃል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያሳየው በአንድ ዓመት ውስጥ ብቻ ከ2 እስከ 17 ዓመት የሆናቸው እስከ 1 ቢሊዮን የሚደርሱ ልጆች አካላዊ፣ ወሲባዊ ወይም ስሜታዊ ጥቃት ወይም ቸልተኝነት ይደርስባቸዋል። ይህን ሁሉ የሚያደርሱት መንገድ ላይ የሚያደፍጡ እንግዶች አይደሉም። አብዛኞቹ ልጁ የሚያውቃቸው፣ ብዙ ጊዜም የሚወዳቸው ሰዎች ናቸው። ስለዚህ «ከማታውቀው ሰው ተጠንቀቅ» የሚለው ምክር ብቻውን ልጁን የተሳሳተ አቅጣጫ ያሳየዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ድህነትንና ቸልተኝነትን የማያምታታ ማኅበረሰብ ያስፈልገናል። የሌሊት ፈረቃ ስለምትሠራ የሰባት ዓመት ልጇን ብቻውን ጥላ የምትወጣ እናት ላይ ጥቆማ ደርሶኝ ያውቃል። ቤቱ ስደርስ ልጁ በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ መብራቱን ሁሉ አብርቶ፣ ጫማውን እንዳደረገ አልጋ ላይ ተቀምጦ ነበር። ለምን ጫማህን አላወለቅህም ስለው «ምናልባት መሮጥ ካለብኝ ብዬ» አለኝ። አዎ፣ ልጁ አደጋ ላይ ነበር። መፍትሔው ግን እናቱን መክሰስ አልነበረም፤ አብራው የምታድር ታማኝ ጎረቤትና የቀን ፈረቃ ነበር፤ ሁለቱም በሦስት ሳምንት ውስጥ ተገኙ። ጥቆማ ማለት ልጅን ከወላጁ መንጠቅ ማለት ነው ብለው የሚፈሩ ብዙዎች ስላሉ ነው ይህን ማንሣቴ።

የሕግ ሰው

እ.ኤ.አ. ኅዳር 20 ቀን 1989 የጸደቀው የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን አንቀጽ 19 አባል አገሮች ሕፃናትን ከማንኛውም ዓይነት አካላዊና አእምሯዊ ጥቃት፣ ከቸልተኝነትና ከብዝበዛ እንዲጠብቁ ያስገድዳል። ብዙ ሰው የሚያነብበው የመጀመሪያውን ንዑስ አንቀጽ ብቻ ነው። ሁለተኛው ግን ለልጁና ልጁን ለሚያሳድጉት ሰዎች ድጋፍ የሚሰጡ ማኅበራዊ ፕሮግራሞች እንዲቋቋሙ ይጠይቃል። ማለትም ሕጉ ራሱ ወላጅን እንደ ተጠርጣሪ ብቻ ሳይሆን ሊደገፍ እንደሚገባው ሰውም ያየዋል። የሁለት ልጆች አባት ላነሡት ስጋት ከዚህ የተሻለ መልስ ያለ አይመስለኝም።

ለመምህርቷ ረቂቅ ግን ወደ ተግባሩ ልግባ። የኬምፕ ጽሑፍ ከወጣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ሁሉም የአሜሪካ ግዛቶች ሐኪሞችና ሌሎች ባለሙያዎች በልጅ ላይ ጥቃት መድረሱን ሲጠረጥሩ እንዲያሳውቁ የሚያስገድዱ ሕጎችን አውጥተዋል፤ ዛሬ በበርካታ አገሮች መምህራንም ይህ ግዴታ አለባቸው። ግዴታው ባለባቸው ሕጎች የሚጠየቀው ምክንያታዊ ጥርጣሬ እንጂ ማስረጃ አይደለም። ደንባችሁ ውስጥ ይህ በማያሻማ ቋንቋ ይጻፍ። ነገሩን ራሱ «ላጣራ» ብሎ የሚነሣ ርእሰ መምህር፣ ሳያውቀው ለጥቃት አድራሹ ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ልጁንም ደጋግሞ በመጠየቅ የኋላውን ምርመራ ያበላሻል። ተጠርጣሪው የራሱ የትምህርት ቤቱ ሠራተኛ ሲሆን ደግሞ ፈተናው ይከብዳል፤ ተቋም ስሙን ለመጠበቅ ሲል ሠራተኛውን በጸጥታ አሰናብቶ ወደ ሌላ ተቋም እንዲሻገር ሲያደርግ አይቻለሁ። ደንቡ ይህን በግልጽ መከልከል አለበት።

ልጁ ሲናገር የተናገራቸውን ቃላት እንዳሉ፣ በራሱ አነጋገር፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጠቅሶ መመዝገብ ያስፈልጋል። «አጎትህ ነው እንዴ የመታህ?» ዓይነት መልሱን በውስጡ የያዘ ጥያቄ መጠየቅ አይገባም፤ «እስቲ ንገረኝ» ማለት ይበቃል። ዝርዝሩን መጠየቅ የሠለጠነ ባለሙያ ሥራ ነው። ቀደም ሲል አንድ ልጅ ያንኑ መራራ ነገር ለመምህር፣ ለፖሊስ፣ ለሐኪም፣ ለዐቃቤ ሕግና ለዳኛ እየዞረ እንዲደግመው ይደረግ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1985 በአሜሪካዋ ሀንትስቪል የተከፈተው ማዕከል፣ በኋላም አይስላንድ በ1998 የጀመረችው «የልጆች ቤት» የተባለው አሠራር፣ ይህን ገልብጠውታል። ባለሙያዎቹ ሁሉ ልጁ ወዳለበት አንድ ቤት ይመጣሉ፣ የሚያነጋግረው ግን የሠለጠነ አንድ ሰው ነው፣ ንግግሩም በቪዲዮ ይቀዳል። ይህ አሠራር ባልተዘረጋበት ቦታ የማሳወቅ ግዴታን ብቻ ማወጅ በቂ አይደለም። ሪፖርቱን ተቀብሎ በፍጥነት የሚንቀሳቀስ አካል ከሌለ፣ የተናገረው ልጅ ለበለጠ አደጋ ይጋለጣል።

ዝምታዬ

ብዙ ጊዜ አነባለሁ እንጂ አልጽፍም። የመምህርቷን ተማሪ ታሪክ ሳነብ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

እኔ ያቺ ልጅ ነበርኩ፤ ሰውየውና ቤቱ ይለያያል እንጂ። ለዓመታት ሆድ ይፍጀው ብዬ የኖርኩት ቃላት ስላጣሁ አልነበረም። ያደረገብኝ ሰው በቤታችን የተከበረ ስለነበር፣ እውነቱ ቢወጣ እናቴ እንደምትሰበር ደጋግሞ ስለነገረኝ ነበር። ያንን ሸክም የአሥር ዓመት ልጅ ተሸክሜ ስዞር ውጤቴ ወደቀ፣ ሰው እጁን ወደ እኔ ሲዘረጋ እሸማቀቅ ነበር፣ በሙቀት ወር እንኳ ረጅም እጅጌ እለብስ ነበር። እነዚህን ሁሉ አዋቂዎች አይተዋል። የሰጡኝ ስም «ዓይን አፋር» የሚል ነበር።

ከአዋቂዎች የምፈልገው ምን ነበር ብላችሁ ብትጠይቁኝ፣ መልሴ አጭር ነው። አንድ ሰው ብቻዬን አግኝቶኝ፣ ሳይቸኩል፣ «ሰሞኑን የተለየሽ ትመስይኛለሽ፤ የምትነግሪኝ ነገር ካለ አምንሻለሁ፣ አልቆጣሽም» ቢለኝ ኖሮ። በመጀመሪያው ቀን አልናገርም ይሆናል። በሦስተኛው ግን እናገር ነበር ብዬ አምናለሁ። ስናገርም «ለማንም አልነግርብሽም» ብሎ የማይፈጽመውን ቃል ባይገባልኝ፤ «ሊረዱሽ ለሚችሉ ሰዎች ብቻ እነግራለሁ፣ ከመንገሬም በፊት አሳውቅሻለሁ» ቢለኝ። የተናገርኩት በመጨረሻ ሠላሳ ሁለት ዓመት ሲሞላኝ ነው፤ ለሕጉ ግን ዘግይቶ ነበር። የሕግ ሰው፣ የይርጋ ዘመንን (ክስ ሊቀርብ የሚችልበትን የጊዜ ገደብ) ጉዳይ አላነሡትም፤ ለእኛ ግን ትልቅ ጉዳይ ነው።

የሕግ ሰው

እውነትዎን ነው፣ እህቴ፤ መዝለል አልነበረብኝም። በልጅነት የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃት ብዙ ጊዜ የሚነገረው ከአዋቂነት በኋላ በመሆኑ፣ ድርጊቱ ከተፈጸመበት ቀን የሚቆጠር አጭር ይርጋ ወንጀለኛውን እንጂ ተጎጂውን አይጠብቅም። ቆጠራው ተጎጂው አካለ መጠን ካደረሰ በኋላ እንዲጀምር ወይም ለእንዲህ ዓይነት ወንጀሎች ይርጋ ጭራሽ እንዳይኖር የደነገጉ አገሮች አሉ፤ ትክክለኛው አቅጣጫም ይህ ነው ብዬ አምናለሁ። ስለ ጻፉልን አመሰግናለሁ።

አሠልጣኝ

ከልጆች ስፖርት በኩል አጠር አድርጌ ልናገር። ክለባችን ደንብ ሲያወጣ ብዙ አሠልጣኞች እንደ ተጠረጠሩ ቆጥረው ተቀይመው ነበር፤ እኔም አንዱ ነበርኩ። አሁን ግን ደንቡ እኔንም እንደሚጠብቀኝ አውቄያለሁ። አንድ አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር በተዘጋ ክፍል ብቻውን አይሆንም። በመኪናዬ ልጅ ብቻውን አልጭንም። ለልጅ የምልከው መልእክት ሁሉ ወላጁ ባለበት ቡድን ውስጥ ይላካል። የመልበሻ ክፍል የሚጠበቅበት መንገድ ተጽፏል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር የወንጀል መዝገቡ ብቻ ሳይሆን ቀድሞ የሠራበት ቦታ በስልክ ይጠየቃል፤ አብዛኛው ጥቃት አድራሽ ተከስሶ ስለማያውቅ መዝገቡ ንጹሕ መሆኑ ብዙም አይነግረንምና።

የደንቡ ትልቁ ጥቅም ትንሹን ጥሰት ማንሣት ማስቻሉ ነው። ልጅ ለማጥመድ የሚፈልግ ሰው ልዩ ስጦታ በመስጠት፣ ልዩ ምስጢር በመጋራት፣ ወላጆቹን በማገልገል እያለ ቀስ በቀስ ነው የሚቀርበው። ደንብ በሌለበት «ሰውየው ልጆች ይወዳል» ተብሎ ይታለፋል። ደንብ ባለበት ግን ማንንም ወንጀለኛ ሳይሉ «ይህ አሠራራችን አይደለም» ማለት ይቻላል። ደንቡ በስልክና በበይነ መረብ ለሚደረገው ግንኙነትም መሥራት አለበት። ልጅ በምስሉ እያስፈራሩት እንደሆነ ሲነግረን መልእክቶቹን አለማጥፋት፣ ልጁንም ስልኩን በመንጠቅ አለመቅጣት፤ ከቀጣነው ሁለተኛ አይነግረንም።

መምህርቷ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዝምታዬ፣ የጻፉትን ለባልደረቦቼ ላነብላቸው ፈቃድዎን እጠይቃለሁ፤ ካልፈቀዱ አላነበውም።

እስካሁን የተስማማንበትን ልንገራችሁ። በየዓመቱ ሥልጠናው የሚጀምረው በተማሪዎች ሳይሆን በሠራተኞች ይሆናል፤ ጥበቃውን፣ የጽዳት ሠራተኛዋንና የሾፌሩን ረዳት ጨምሮ፤ ልጆች ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት እነሱን ነውና። ጥርጣሬ የሚቀበሉ ሁለት ሰዎች፣ አንድ ወንድና አንዲት ሴት፣ በስም ይታወቃሉ፤ አንዱ ራሱ ተጠርጣሪ ቢሆን ሁለተኛው መንገድ ክፍት ይሆናል። የልጁን ቃል የምንመዘግብበት አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጅተናል። የልጆቹን ትምህርት አልተውነውም። እ.ኤ.አ. በ2015 ታትሞ 24 ጥናቶችን ያካተተ ግምገማ እንዳሳየው በትምህርት ቤት የሚሰጥ ትምህርት የልጆችን ዕውቀትና ራስን የመጠበቅ ክህሎት ያሳድጋል። ጥቃቱን ራሱን ይቀንሰው እንደሆነ ግን አላረጋገጠም። ስለዚህ ትምህርቱን የምንሰጠው የሚሰማ አዋቂ ካዘጋጀን በኋላ ነው፤ የግል የሰውነት ክፍሎችን በትክክለኛ ስማቸው ማወቅንም ይጨምራል። ስም የሌለውን ነገር ልጅ እንዴት አድርጎ ይነግረናል?

የሁለት ልጆች አባት፣ ወላጆችን ለማነጋገር ስናስብ የእርስዎ ጥያቄ ነው መነሻ የሆነን። በራስዎ ቤት የሞከሩት ነገር ካለ ቢጽፉልን።

ዝምታዬ

ያንብቡላቸው።

የሁለት ልጆች አባት

ሦስት ቀን ካሰብኩበት በኋላ ትናንት ማታ ልጆቼን አስቀምጬ አነጋገርኳቸው። መጀመሪያ ከእንግዲህ እንደማልመታቸው ነገርኳቸው፤ ታናሿ ሳቀች፣ ታላቁ ግን ዝም ብሎ አየኝ። ቀጥዬ ስለ ምስጢር አወራን። ለልደት የተደበቀ ስጦታ ቀኑ ሲደርስ የሚገለጥ ምስጢር ነው፣ ያስደስታል፤ ሰው «ለዘላለም ለማንም እንዳትናገር» የሚለው ሆድ የሚያሳምም ምስጢር ግን የሚያዝ አይደለም፣ ማንም ያለው ቢሆን ለአዋቂ ይነገራል አልኳቸው።

የስምንት ዓመቱ ልጄ «ማንም ቢሆን?» አለኝ። «አዎ» አልኩት። «አንተ ብትሆንስ?» አለኝ።

ደነገጥኩ፤ ቆጣ ልልም ቃጥቶኝ ነበር። ከዚያ እዚህ የተጻፈውን አስታወስኩና «እኔም ብሆን። ለእናትህ ወይም ለአክስትህ ትነግራለህ» አልኩት። «የአክስቴን ስልክ ቁጥር አላውቀውም እኮ» አለኝ። ደብተሩን አመጣ፤ እኔ ቁጥሩን አንድ በአንድ እየጠራሁለት በመጨረሻው ገጽ ላይ ጻፈው፤ ታናሿም የራሷን ደብተር ይዛ መጣች።